በአፋቸው ዳር የሚነፉት ሽማግሌ

አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ የጦር ክፍል ባንድ ውስጥ ክላርኔት እነፋ ነበር። በአብዮቱ ጊዜ ታስሬ መርማሪው አፌን በጠመንጃ ሰደፍ ሲመታኝ የፊት ጥርሶቼ ረገፉ። ሎስ አንጀለስ መጥቼ ታክሲ ድራይቭ ማድረግ ስጀምር ሙዚቃን ትቼው ነበር።

አንድ ቀን ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያሳፈርኳቸው ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ጭናቸው ላይ የክላርኔት ሳጥን ይዘዋል። ድሮ እነፋ እንደነበር ነገርኳቸው።

"አሁንስ?"

ከንፈሬን ገልጬ በመስታወቱ አሳየኋቸው። እሳቸውም የራሳቸውን ገልጠው አሳዩኝ፤ ከአፍንጫቸው ሥር እስከ አገጫቸው የወረደ ጠባሳ ነበር።

እንደነገሩኝ፣ ጃዝ ገና ሲጀመር በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በየቀብሩና በየጭፈራ ቤቱ ነፍተዋል። ቺካጎ ሄደው ሸክላ አስቀረጹ። ስማቸው መነሳት ሲጀምር፣ አንድ ዳንስ ቤት ደጃፍ ላይ ነጮች ከበው ፊታቸውን በተሰበረ ጠርሙስ ተለተሉት። ሁለት ዓመት ሙሉ ደም እየተፉ በአፋቸው ግራ ዳር መንፋት ለመዱ። ድምፁ ሻካራ ሆኖ ወጣ። ያንን ድምፅ ፍለጋ ጥርሳቸው ሙሉ የሆነ ወጣቶች አፋቸውን ያጣምሙ ጀመር።

"ቁስሌን ነው የተማሩት" ብለው ሳቁ። "እሁድ ቤቴ ና።"

ሚራክል ማይል የሚባለው ሰፈር አጠገብ ወዳለው አፓርታማቸው ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሄድ ጀመር። ድዴ እየደማ አስተማሩኝ።

በአንዱ እሁድ ስደርስ ሁለት ሰዎች ደጃፉ ላይ የክላርኔቱን ሳጥን ከሽማግሌው እጅ ሊነጥቁ ይጎትታሉ። እሳቸው አልለቀቁም። አንዱ በቡጢ ሲላቸው ወደቁ፤ እጃቸው ከሥራቸው ተጣጥፎ ተሰበረ። የጎማ መፍቻዬን ይዤ ደረስኩ። የመታቸውን ሰውዬ ክንድ ሰበርኩት። ጓደኛው ሸሸ። ሰውዬው ወድቆ እየለመነኝ ደግሜ መታሁት፤ የመርማሪዬ ፊት ነበር የታየኝ።

"ይበቃል! ልትገድለው ነው!" ሽማግሌው እግሬን ጨምድደው ያዙ።

ፖሊስ በካቴና ወሰደኝ። እሳቸው ስለመሰከሩልኝ በማግስቱ ተለቀቅሁና እሳቸው ወደተኙበት ሆስፒታል ሄድኩ። አላመሰገኑኝም።

"ስትመታው ፊትህን አየሁት" አሉኝ። "እኔን የመቱኝ ሰዎች ፊት ነው። እንደዚያ ሆነህ ቤቴ እንዳትመጣ።"

አንገቴን ደፋሁ።

የተሰበረው እጃቸው ስላልዳነ ከዚያ ወዲያ መንፋት አልቻሉም። እስኪሞቱ ድረስ እሁድ እሁድ እየሄድኩ እኔ እነፋ ነበር፤ ስሳሳት ወለሉን በከዘራቸው እየመቱ "እንደገና" ይሉኝ ነበር።