ልጁ ንጉሥ እና አጎታችን

አያ፣ በሣልስትህ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ የተናገርኩትን ብነግርህ ሆድህን ይዘህ ትስቃለህ። እኔን ግን እስካሁን ያናድደኛል...

ለማታውቁት፣ አያ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ ሞፈር የያዘው እሱ ነው። በጋ በጋ ማርቆስ ከተማ መጥቶ የቀን ሥራ ይሠራል፣ እኔ ለትምህርት በተከራየኋት ክፍል ያድራል። ማታ ማታ በስልኬ አንድ ድራማ እናይ ነበር። ክንፍ ያላቸው ፈረሶች፣ ጠንቋዮች፣ ለዙፋን እርስ በርስ የሚባሉ ዘመዳሞች ያሉበት። ንጉሡ ይሞትና ታናሽ ወንድሙ ሐዘኑን ሳይጨርስ ዘውድ ይጭኑበታል።

«ይኼ ልጅ እንቢ ማለት ነበረበት» ትል ነበር፣ አያ። በድራማው በየክፍሉ።

ከዚያ ድንገት ታመምክ። አገራችን ደብረ ኤልያስ ወስደን ቀበርንህ።

ሣልስቱ ላይ ሰዉ እህል ቀምሶ ሲረጋጋ አጎታችን ደሴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ የቤቱ ወንድ አንተ ነህ» አለኝ። «መሬቱ ጦም ማደር የለበትም። ትምህርቱ ይቅርና አገርህ ግባ። እኔ ከጎንህ ሆኜ አሳይሃለሁ።»

ዐሥረኛ ክፍል ነኝ። እናቴን አየኋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ መሬት መሬቱን ታያለች። ድራማው መጣልኝ።

«አንድ ንጉሥ ነበር» አልኩ። «ሲሞት ታናሽ ወንድሙን ከመምህሩ ነጥለው ያለ ዕድሜው አነገሡት። አገሩም ጠፋ፣ ልጁም ጠፋ።»

ፈረሶቹ ክንፍ እንዳላቸው አልተናገርኩም።

የንስሐ አባታችን ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆዩና፣ «በየትኛው መጽሐፍ ነው ያነበብኸው?» አሉኝ።

«በስልክ ነው፣ አባ።»

«ስልክም ካነበቡበት መጽሐፍ ነው። የየት አገር ንጉሥ ነው?»

«ሩቅ ነው...»

ሽማግሌዎቹ ከንፈር መጠጡ። ልቤ ትንሽ ሞቀ። ተሳካልኝ ብዬ ነበር፣ አያ።

«ልጁ ለምን እንደጠፋ ልንገራችሁ?» አለ አጎታችን። «አጎት ስላልነበረው ነው። አጠገቡ ሆኖ የሚመክረው የሥጋ ዘመድ ቢኖር አይጠፋም ነበር።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ አንዱ። «አጎት ያስፈልጋል» አሉ ሌላው። ሰዉ ሁሉ ለማያውቀው ንጉሥ አጎት ፈላጊ ሆነ።

ያንን ንጉሥ መርዝ ያጠጣው፣ በልጁ ስም የገዛው ማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ጥርሴን ነከስኩ። በሐዘን ቤት፣ በሰው ፊት፣ ታላቅ አይዘለፍም ብዬ። ግን አጎታችን «በሬዎቹን ከነገ ጀምሮ በእኔ በረት አስራቸዋለሁ» ሲል ከአፌ አመለጠኝ።

«አጎት ነበረው። የገደለው አጎቱ ነው።»

ከኋላ አንዲት ሴትዮ ሳቃቸውን በነጠላ ሊያፍኑ ሲሞክሩ ሳል ሆነባቸው።

«እኔን ነው?» አለ አጎታችን።

«የንጉሡን ነው።»

«ባለጌ። የወንድሙ አፈር እንኳ ሳይደርቅ...»

ያኔ እናቴ ነጠላዋን ከአፏ አነሣች። «በሬዎቹ ከዚህ ግቢ አይወጡም፣ ደሴ» አለች። «መሬቱን ለእኩል አራሽ እሰጣለሁ። አንዱን ልጄን ከትምህርት አስወጥቼ ሞፈር አስይዣለሁ። ይበቃኛል።»

አባ ሁለቱንም ላለማስቀየም መሰለኝ፣ «እስከ ክረምት ይማር፤ ከዚያ እናያለን» ብለው ዘጉት። እስከ ክረምት። ይቺን ለማግኘት ከዘመድ ሁሉ ተጣላሁ። አጎታችን ዛሬም ሰላም አይለኝም።

ማርቆስ ተመለስኩ። ብቻዬን ባነጋሁበት የመጀመሪያ ጠዋት ፊቴን ታጠብኩ፣ ዩኒፎርሜን ለበስኩ፣ ደብተሬን ይዤ ቁርስ ሳልቀምስ በሩጫ ትምህርት ቤት ደረስኩ። በሩ ተቆልፏል። ደጋግሜ ደበደብኩት። ጥበቃው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ብቅ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ዛሬ እኮ እሁድ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኳቸው። አላወቅኩም ነበር።