ያልወለቀውን ትከሻ «አስገባሁ» ያልኩ ዕለት

ይህን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም አልተነፈስኩም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ። ጾም በገባ ቁጥር እፊታቸው ተንበርክኬ ትንንሹን ኃጢአት እየዘረዘርኩ ይሄኛውን እዘለዋለሁ። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም። ስለዚህ ስሙኝ፤ ልታጽናኑኝ ግን አትሞክሩ።

ወጌሻ ነኝ። እዚህ መተማ ቆላ፣ ኮኪት አካባቢ፣ ከትራክተር የወደቀም በሬ የወጋውም እኔ ዘንድ ነው የሚመጣው፤ ከገለጉ ድረስ የሚመጣም አለ። በሙያዬ አላፍርም፣ ይህን ከወዲሁ እወቁት። ከአባቴ የወረስኩት እጅ ስንቱን አቁሟል! «ወጌሻ ሁሉ አታላይ ነው» ለማለት ያቆበቆበ ካለ ሌላ ቤት ይሂድ። ያታለልኩት እኔ ነኝ፤ ሙያው አይደለም።

ጎረቤቴ ደሳለኝ ሰሊጥ ሲጫን ተሳቢ ላይ ቆሞ ጆንያ ያስተካክል ነበር። ተንሸራቶ በተዘረጋ እጁ ወደቀ። ሚስቱ ትርንጎ ወደ ጎንደር የሚሄድ የጭነት መኪና ለምና፣ ጋቢና ውስጥ ቦታ አግኝታ አስገብታው ነበር። ሞተሩ ተነሥቷል። ያኔ ደረስኩ። «አውርዱት!» አልኩ። አወረዱት።

ጣቶቼን ትከሻው ላይ ሳሳርፍ ወዲያው ገባኝ። አልወለቀም። የወለቀ ትከሻ ክብነቱ ይጠፋና ጫፉ ሥር ይጎደጉዳል፤ የእሱ ሙሉ ነበር። እጁን እኔ ሳነሣው ተነሣ፤ ስለቀው ወደቀ። አጥንቱ በቦታው ነው፣ የተበጠሰው እጅ የሚያነሣው ጅማት ነው። እሱን ደግሞ የእኔ ጉተታ አይቀጥለውም። አላወቅሁም አልልም። አውቄያለሁ! ታዲያ ምን ያዘኝ? «ይሄ ከእኔ በላይ ነው፤ ጫኑት» ማለት ይህን ያህል ይከብዳል? ጫኚው ሁሉ ከብቦ እጄን እጄን ያያል። ደሳለኝም «አያ ተገኘ፣ ይድረሱልኝ» እያለ ያቃስታል። ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም፤ ሰይጣን እዚያ አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ። ቅቤ ቀባሁት፤ እግሬን ብብቱ ሥር ተክዬ ጎተትኩት። ሲጮህ እኔም «ገባ!» ብዬ ጮኽኩ። ያልወጣ ምኑ ይገባል? ሰው እፎይ አለ፤ መኪናው ያለ እሱ ሄደ።

ክረምቱ አልፎ ሌላ አጨዳ መጣ። ደሳለኝ የደረቀውን ሂላ፣ ታስሮ የቆመውን የሰሊጥ ነዶ፣ አንሥቶ ሸራ ላይ ማራገፍ አቃተው። እጁ ከደረቱ አልፎ አልወጣ አለ። እኔ «ጊዜ ይፈልጋል» እያልኩ ቅቤዬን አሸሁት። አሸሁት! አፍሬ እንኳ አላቆምኩም። በመጨረሻ ትርንጎ እኔን ሳትጠይቅ ጎንደር ወሰደችው።

ሐኪሞቹ በማሽን አይተው፣ እኔ በጣቴ ያወቅሁትን አገኙ። የተበጠሰ ጅማት ግን ቆሞ አይጠብቅም፤ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጡንቻውም እየሟሟ ይሄዳል። ቀደው፣ ስበው፣ የደረሰላቸውን ከአጥንቱ ጋር ሰፉለት፤ ሁሉም ግን አልደረሰላቸውም። «ያኔውኑ ብትመጣ ጥሩ ነበር» አሉት። ደሳለኝ ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? «እኔው ችላ ብዬ ነው።» የእኔን ጥፋት እሱ ተሸከመው። ይባስ ብሎ በየሄደበት «አያ ተገኘ አጥንቱን ባያስገቡልኝ ሐኪሙ ምኑን ይሰፋው ነበር?» ይል ጀመር።

ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ስፌቱ እስኪይዝ በራሱ አቅም እንዳያነሣው ታዟል፤ ትከሻው እንዳይደርቅ ሌላ ሰው ቀስ አድርጎ ያነሣለታል። ራሱ የሚያነሣው ኋላ ነው፣ እሱም ወራት ይፈጃል። ማንን መረጠ? እኔን። በየጠዋቱ ክንዱን መዳፌ ላይ አስተኝቼ እንደታዘዘው አነሣለት ነበር፤ አንዲት ጣት አላሳለፍኩም። አፌ ግን ዝም አለ። አንድ ጠዋት «የታናሼን ጉልበትም ያዩልኛል፤ ሐኪም ዘንድ ሳልወስደው ይቅደሙልኝ» ሲለኝ አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኩት።

«አውቀው ነው?» አለኝ።

«አውቄ ነው።»

ክንዱን በደኅናው እጁ ደግፎ ከመዳፌ ላይ አነሣና ወጣ። አሁን የምታነሣለት ትርንጎ ናት። ክንዱ ከትከሻው በላይ አልሄድ ብሎታል አሉ። ለማንም ግን አልተናገረም።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች መኳረፋችንን አይተው፣ ምክንያቱን ሳያውቁ፣ «እናስታርቃችሁ» ብለው መጡ። እምቢ አልኳቸው። ኮራ ይበሉኝ። እነሱ ከተቀመጡ ደሳለኝ እምቢ ማለት አይችልም፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ፣ በዕድሜ ስለምበልጠው፣ የተበደለው እሱ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ይስማል። ያን አላስደርገውም። ንስሐ አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ቀኖናዬን እቀበላለሁ። የእሱን ይቅርታ ግን በሽማግሌ አላስወስድም። ሲሻው ያምጣው፣ ካልሻው ዕድሜ ልኩን ይጥላኝ። የእሱ ነው፤ አልነካበትም።