እህቴን አጥፍተው ጥላዋን ተዉላት

ደሜ ገና አልበረደም፤ እያወራሁ ድምፄ ከፍ ካለ ታገሱኝ።

የማወራው ስለ ታላቅ እህቴ ነው። እኔ እትዬ እላታለሁ፣ የአውቶቡስ ሾፌሮች ግን "ሜትር" ይሏታል። ቁመቷን አይተው አይደለም፤ እትዬ ወደ ላይ ያልተሰጣት ሁሉ ወደ ጎን የተሰጣት ሴት ናት። ሜትር ያሏት በሥራዋ ነው። ሥራዋ መቆም ነው። ሳቁ ግዴለም፣ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።

ከከተማችን ወጣ ብሎ ድንጋዮች አሉ። ድንጋይ ስላችሁ የምትወረውሩት እንዳይመስላችሁ፤ ፎቅ ያካክላሉ። አንዱ እንደ ግንብ ቀጥ ብሏል፣ አንዱ መሃሉ ተበስቶ በር ሆኗል፣ ሌላው ጎረቤቱን ተደግፎ ወደቅሁ አልወደቅሁ እያለ ሰው ያስጨንቃል። የታወቀው ግን ባለቆቡ ነው። አንገቱ ቀጭን፣ ከላይ የአውቶቡስ ጣሪያ የሚያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ደፍቷል። ጎብኚ ይመጣል፣ ከአውቶቡስ ይወርዳል፣ አፉን ይከፍታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አፉን ዘግቶ ይሄዳል። እኔ ከስሩ ባርኔጣ አከራያለሁ። አንዱ የገለባ ባርኔጣዬ በስንት ሰው ሳሎን እንደተሰቀለ አትጠይቁኝ። ከኔ ይልቅ እሱ አገር አይቷል።

የእትዬ ባል ፎቶ አንሺ ነው። አንድ ነገር ግን ቶሎ ገብቶታል፦ ድንጋይ ብቻውን ሲነሳ ትልቅነቱ አይታይም። ፎቶው ላይ ኪስህ የምትከተው ጠጠር ይመስላል። ሰው ሲቆምበት ነው "ወይ ጉድ!" የሚያሰኘው። ስለዚህ ለፖስትካርዱም፣ ለካላንደሩም፣ ሱቁ መስኮት ላይ ለሚሰቅለውም፣ እትዬ ጃንጥላዋን ይዛ ትወጣለች፣ ከቆቡ ስር ካለችው ጠባብ እርከን ላይ ትቆማለች፣ እሱ ከታች ሆኖ ይጮሃል።

"ወደ ግራ! ትንሽ ወደ ኋላ! አገጭ ቀና!"

ራሱ ወጥቶ ግን አያውቅም። ከፍታ ይፈራል። ቤት ውስጥ አምፖል ሲቃጠል ወንበር ላይ የምትወጣው እትዬ ናት፤ እሱ ወንበሩን ይዞ "ቀስ በይ" ይላል። ወንበሩን ሲይዝ ራሱ ይንቀጠቀጣል።

የተዋወቁትም እዚያው ድንጋይ ላይ ነው። እትዬ ያኔ ልብስ ሰፊ ቤት ቁልፍ ትተክል ነበር። ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ለሽርሽር መጥታ እርከኗ ላይ ተቀምጣ ብስኩት ትበላለች። ከታች አንድ ከሲታ ወጣት ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይጮሃል።

"እህት፣ ከዚያ ውረጂልኝ! ድንጋዩን ላነሳ ነው!"

"ድንጋዩ የአባትህ ነው?"

"የአባቴ አይደለም፣ ግን ፎቶዬን አበላሸሽብኝ!"

"አንተ ፊትህን ያበላሸብህን ስትጠይቅ ያኔ እወርዳለሁ!"

ብስኩቷን እስክትጨርስ አልወረደችም። እሱም ፀሐዩ ሊያመልጠው ሲሆን በንዴት ከነእሷ አነሳው። ፎቶው ሲታጠብ ግን ባለቆቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ግዙፍ ሆኖ ወጣ። ልብስ ሰፊው ቤት ድረስ ፎቶውን ይዞ መጣ። ሌላውን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ሠርግ፣ ልጅ፣ ኪራይ፣ ጭቅጭቅ። ልጃቸው አሁን አድጋ ሌላ ከተማ ትማራለች። እትዬም ሃያ ዓመት ቆማለች። ድንጋዩ በበጋ እንደ ምጣድ ሲግል ቆማለች፣ ነፋሱ ጃንጥላዋን ሲገለብጥባት ቆማለች፣ ልጇን አርግዛ እንኳ ቆማለች። ያኔ ባለቆቡ ትንሽ አንሶ ነበር የወጣው።

እንግዲህ አሁን ወደሚያቃጥለኝ ነገር ልግባ።

ከከተማው መግቢያ አዲስ ሆቴል ተከፈተ። በሩ ላይ በብረት እግር የቆመ ትልቅ ሰሌዳ ተከሉ፤ ሰሌዳው ላይ ባለቆቡ። እኔና እትዬ ልጇን ጠይቀን በሚኒባስ ስንመለስ ነው ያየነው። ከቆቡ ስር፣ እትዬ በምትቆምበት እርከን ላይ፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ቀጭን ልጅ ቆማለች። ፀጉሯ በነፋስ ይሄዳል። ቆንጆ ናት፣ አልዋሽም። ችግሩ ከኋላዋ ያለው ጥላ ነው። ልጅቷ ክር፣ ጥላዋ ቁም ሳጥን። ልጅቷ ባዶ እጇን ናት፣ ጥላዋ ጃንጥላ ይዟል።

ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። ረዳቱማ በሩን ይዞ ሊወድቅ ነበር።

"ይቺ ልጅ ማታ ማታ ምንድን ነው የምትበላው?"

"ጥላዋ ነው የሚበላላት!"

እትዬ አልሳቀችም። ጥላውን ትኩር ብላ አየችው። ከጃንጥላው አንድ ሽቦ ተሰብሮ ወደ ታች ተንጠልጥሏል።

"ያ ጃንጥላ የኔ ነው" አለች። ቀጥላም፣ "ወራጅ አለ!"

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሱፍ የለበሰ፣ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ልጅ ነው። በፈገግታ ተቀበለን።

"እማማ፣ ምን እንታዘዝ?"

"እማማ እናትህን በል። እኔን መልሱኝ።"

"ወዴት ልንመልስዎት?"

"ሰሌዳው ላይ። ያቺ ጥላ የኔ ናት። እኔን አንስታችሁ ሌላ ሰው ጥላዬ ላይ አቆማችሁ።"

ልጁ ወደ መስኮቱ ሄዶ ሰሌዳውን አየ። እመኑኝ፣ ከተሰቀለ ጀምሮ ጥላውን ያየው ያኔ ነው። ጆሮው ቀላ። ነገር ግን ፈገግታውን አላወረደም።

"እኛ ማንንም አላነሳንም፣ እማ... እትዬ። ፎቶው ሲመጣልን ባዶ ድንጋይ ነበር። ልጅቷን ብቻ ነው የጨመርነው። ፎቶ አንሺው ራሱ ነው አጥርቶ የላከልን።"

"አጥርቶ?"

"ሰው ነበረበት፣ አጠፋሁት ብሎናል።"

እትዬ ስትጮህ እኔ አልፈራም፤ ለምጃለሁ። ከሆቴሉ እስከ ፎቶ ቤቱ ያለውን መንገድ ግን ቃል ሳትተነፍስ ሄደች። መንገድ ዳር ያለው ጎማ ጠጋኝ ሰላም ቢላት አልመለሰችም። እኔ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ፣ ያን ሰውዬ ምን ብዬ እንደምሰድበው እያዘጋጀሁ ነበር። ጥሩ ጥሩ ስድብ ነበረኝ።

ፎቶ ቤቱ ጠባብ ነው። ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ፣ አንድ በርጩማ፣ በገመድ የታሰረ ማበጠሪያ፣ ለደንበኛ የሚዋስ አንድ ከረባት። በርጩማው ላይ ለመታወቂያ የሚነሳ ሰውዬ ከረባቱን አጥልቆ ተገትሯል። የእህቴ ባል ካሜራው ላይ ጎንበስ ብሏል።

"አጥፍተኸኛል?" አለችው።

"ማንን?"

"እኔን! ከድንጋዩ ላይ!"

ቀና አለ። ፊቱ ሁሉንም ተናገረ።

"ሰው የሌለበት አምጣ አሉኝ።"

"ታዲያ ሰው የሌለበት አትሰጣቸውም?"

"የለኝማ! ሣጥኑን ሁሉ ገለበጥኩት። ያነሳሁት ሁሉ አንቺ አለሽበት። ባለቆቡን አንድም ቀን ብቻውን አንስቼው አላውቅም።"

ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ጋ ታለቅስ ነበር። እውነት ለመናገር እኔም ልቤ ራራ፤ ካዘጋጀኋቸው ስድቦች ግማሹን ጣልኩ። እትዬ ግን እትዬ ናት።

"ካሜራህ ይሄው። ድንጋዩም እዚያው ነው፣ እግር የለው የትም አልሄደ። ሄደህ ባዶውን ማንሳት ስትችል፣ እኔን ማጥፋት ቀለለህ?"

የካሜራውን መነጽር በሸሚዙ ጫፍ ይወለውል ጀመር።

"ብስኩት እየበላሁ ውረጂ ብለኸኝ እምቢ አልኩህ። ያኔ ያቃተህን ይኸው ቁጭ ብለህ በኮምፒውተር አደረግከው!"

"ቸኩለው ነበር... እንግዶቻችንን ወዳንተ እንልካለን ብለውኝ..."

"ጥላዬንስ ለምን ተውከው?"

"አላየሁትም።"

"ሃያ ዓመት ስታየኝ ጥላዬን አላየኸውም!"

"ጋሼ" አለ በርጩማው ላይ ያለው ሰውዬ ቀስ ብሎ፣ "ልንቀሳቀስ?"

"አትንቀሳቀስ!" አሉት ሁለቱም። እዚህ ላይ ብቻ ተስማሙ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ድንጋይ ወጥታ አልቆመችም። "ወደ ሰሌዳው እስክመለስ ድረስ ሜትርህን ከሱቅ ግዛ" አለችው። ምግብ ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ አታናግረውም። ሸሚዙን ስታሰጣ ግን አንገቱን እንዴት እንደምትጠመዝዘው አይቻለሁ፤ ሸሚዙ ውስጥ ሰው ያለ ነው የሚመስለው።

እሱ ደግሞ ምን ያድርግ? እኔን አቆመኝ። እኔ እንደ መብራት ምሰሶ ነኝ፤ እርከኗ ላይ ስቆም ጭንቅላቴ ቆቡን ሊነካ ደረሰ። ፎቶው ሲወጣ ባለቆቡ ጓሮ የበቀለ እንጉዳይ መሰለ። ባርኔጣዬን ደፍቼ ደግሞ ሁለት እንጉዳይ።

ሰሌዳው በዚህ መሃል ስም አተረፈ። ጎብኚ ከአውቶቡስ ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ያቺ ባለወፍራም ጥላ የቆመችው የት ጋ ነው?" ሆነ። ይሄም ይሁን። አንድ ቀን ግን እትዬ ምሳዬን ልታቀብለኝ መጣች፤ አንዱ ሾፌር ለእንግዶቹ እየጠቆማት፣

"የሰሌዳዋ ጥላ ይኸውላችሁ! እሷ ናት!" አለ። እነሱም በስልካቸው ያነሷት ጀመር። "ጥላ! ወደዚህ ዙሪ! ጥላ!"

ያ ሾፌር ስንት ዓመት ሙሉ ሜትር ሲላት የኖረ ሰው ነው። ምሳ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና ሄደች። ፊቷን አይቼዋለሁ። ንዴቷን እችለዋለሁ፣ ያን ፊት ግን አልቻልኩም። ባርኔጣዎቼን እንደተዘረጉ ትቼ ፎቶ ቤት ሮጥኩና፣ የጣልኳቸውን ስድቦች ሁሉ አንስቼ ሰውዬው ላይ ደፋኋቸው። በመጨረሻ እንዲህ አልኩት፦

"ሜትር ይሏት ነበር፣ አሁን ጥላ ይሏታል። ስሟንም አብረህ ነው ያጠፋኸው!"

ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ሆቴል ሄዶ እንደለመናቸው የሰማሁት በኋላ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሰሌዳው ተወዷል፣ እንግዳ እያመጣ ነው፣ አንነካውም ብሎታል።

እሁድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ጎማ ጠጋኙ እየሮጠ መጣ።

"ኧረ የእህትህ ባል! መሰላል ላይ ነው!"

"የማን አምፖል ተቃጠለ?"

"የሆቴሉ ሰሌዳ ላይ ነው እኮ የምልህ!"

ለእትዬ ነገርኳት። "ውሸት ነው" አለች፤ ጫማዋን ግን ግራና ቀኝ አቀያይራ አድርጋ ወጣች።

ውሸት አልነበረም። ሰውዬው መሰላሉ ጫፍ ላይ እንደ እንሽላሊት ተለጥፏል። በክንዱ ስር በትልቁ ያሳተማት እትዬ ተጠቅልላለች፣ እጁ ላይ የማጣበቂያ ቆርቆሮ። መሰላሉን የያዘው የሆቴሉ ጥበቃ ነው።

"አንተ እዚህ ተቀጥረህ እንዴት ትይዝለታለህ?" አልኩት።

"እኔ የተቀጠርኩት ሰው ንብረት እንዳይወስድ ነው" አለ። "ይሄ እየጨመረ ነው።"

እትዬ ከስር ቆመች። ወገቧን ያዘች። ባሏ ዓይኑን ጨፍኖ በዳበሳ የወረቀቱን ጫፍ ሊለጥፍ ሲሞክር አየችው። ያን ሁሉ ቀን ያላናገረችው ሴት አፏን ከፈተች።

"ወደ ግራ!"

መሰላሉ ተንቀጠቀጠ።

"ወደ ግራ አልኩህ! ግራህን አታውቅም? እግሬ ጥላዬን ይርገጥ! አሁን ትንሽ ወደ ኋላ!"

"ወደ ኋላ የለም! መሰላል ላይ ነኝ!"

"እኔንስ ገደል አፋፍ ላይ ወደ ኋላ ስትለኝ አልነበር? አገጭ ቀና! ወደ ታች አትይ!"

ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን እያወዛወዘ ወጣ። "እማማ፣ ይሄ ሕገወጥ ነው! ፖሊስ..."

"ዝም በል አንተ ልጅ! ሥራ ላይ ነን!"

አውቶቡስ መጣ፣ ቆመ። ሰው ሁሉ በመስኮት ተንጠራራ። ሰውዬው ላቡን እያፈሰሰ፣ እትዬን ከጭንቅላቷ እስከ እግሯ ዘረጋት። እግሯ ጥላዋን ረገጠ። ጃንጥላዋ ከጥላዋ ጃንጥላ ጋር ገጠመ፣ የተሰበረችው ሽቦ እንኳ ቦታዋን አገኘች። ቀጭኗ ልጅ ሙሉ በሙሉ ተሸፈነች፤ አንድ ክርኗ ብቻ ቀርቶ ከእትዬ ጎን እንደ ሦስተኛ እጅ ብቅ ብሏል። ባለቆቡም ወዲያው ገዘፈ።

ያ ሾፌር ክላክሱን ተጫነው። "ሜትር! ኧረ ሜትር!"

ሰውዬው ወረደ ማለት አይቻልም፤ ፈሰሰ ይሻላል። መሬት ላይ ተቀምጦ አፈሩን በሁለት እጁ ያዘ። ቀና ብሎ አያት።

እትዬ እሱን አላየችውም። አንገቷን አዘንብላ ሰሌዳውን እያየች ነበር።

"ጠምሜያለሁ" አለች።

"ነገ አቀናሻለሁ።"

"ነገ አይደለም። ውጣ።"

ወጣ። እሷም ጥበቃውን ገፋ አድርጋ መሰላሉን ራሷ ያዘችው።

"ቀስ በል" አለችው።