ሐይቅ በሌለበት ከተማ ቀዛፊ ያደረገኝ ሰው

ኮች ዴታሞ ሞተ ይሉኛል። ኧረ ውሸት ነው! ባለፈው እሁድ እኮ ደውሎ "ቁጭ ብድግ እየሰራሽ ነው ወይስ ሐዋሳ ገብተሽ ዓሳ ጥብስ ብቻ ሆነ?" እያለ ሲያበሽቀኝ ነበር።

ጠዋት ሐዋሳ፣ የክለባችን ካምፕ ውስጥ ቁርስ ላይ እያለሁ መስፍን ከሆሳዕና ደወለ። አብረን የሰለጠንን ልጅ ነው። "ትናንት ማታ ደረቴን አለ፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው" አለኝ። ቦርሳዬን በቅጡ ሳልዘጋ ወጣሁ።

ይህን የምጽፈው ወደ ሆሳዕና ስንሄድ ዳምቦያን አልፈን፣ መኪና ውስጥ ተቀርቅሬ ነው። ጎርፉ ድልድዩን ሸፍኖታል። ከፊት ውሃ፣ ከኋላ የተደረደረ መኪና፣ መስኮቱ አይከፈት፣ ልቤ ሊፈነዳ ነው። በእግሬ ልሻገር ብዬ ወርጄ ነበር። ረዳቱ ቦርሳዬን ጨምድዶ ይዞ "እህቴ፣ ለዛሬ አንድ ቀብር ይበቃናል" አለኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ውሃ እንዳልፈራ ያስተማረኝ ሰው ጋ እንዳልደርስ ውሃ መንገድ ይዝጋብኝ? እንዲህም አለ እንዴ!

ለማታውቁት፣ ኮች የትምህርት ቤታችን የስፖርት አስተማሪ ነበር። በወጣትነቱ ሐዋሳ ላይ ጀልባ ቀዝፏል። ሆሳዕና ሐይቅ የላትም ሲሉት "ሐይቁ አይሸሽም፤ ጉልበቱን እዚህ እንስራ" ይል ነበር። ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቶ፣ ቧንቧ ሰክቶ ብረት ሰራልን። እሱንም ቶሎ አላስነካንም፤ መጀመሪያ ያሸከመን የመጥረጊያ እንጨት ነው! "ወገባችሁ ሳይማር ክብደት የለም" አለን። ሰፈሩ በሳቅ ሞተ።

እናቴ ስትሰማ ቤቱን ቀወጠችው። "ብረት የምታነሳ ልጅ ቁመቷ ይቀራል፣ ነገ ማን ያገባታል?" ኮች ራሱ ቤታችን መጣ። ጸሎት ተደርጎ ከተቀመጠ በኋላ ቀስ ብሎ "እትዬ፣ ይቺ ልጅ ከምንጭ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ስትሸከም ስለ ቁመቷ ማንም አላሰበም። እኔ ከዚያ ያነሰ ነው የማሸክማት፣ ያውም አሸካከሙን አስተምሬ" አላት። እናቴም "እንግዲያው ውሃውንም ታምጣ፣ ብረቱንም ታንሳ" ብላ ፈቀደች። ሁለቱንም አደረግኩ።

በመጀመሪያው ክረምት ሐዋሳ ወሰደን። እኛ ጉዶች ለካ ጡንቻ ለማሳየት ተደብቀን ክንድ ክንዱን ብቻ ስንሰራ ከርመናል። ጀልባው ላይ ወጣን፣ በክንዳችን ጎተትን ጎተትን፣ መሀል ሳንደርስ ትንፋሻችን አለቀ። ዓሳ አጥማጆቹ ሳቁብን። ኮች ከዳር ሆኖ ድምፁ እስኪዘጋ "እጅ መንጠቆ ነው! እግር ይግፋ!" ይላል። የቀዘፋ ጉልበቱ ከእግር ነውና ተመልሰን ዓመቱን ሙሉ ጣሳውን ተሸክመን ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ። በቀጣዩ ክረምት ሌሎቹ ሲደክሙ እኔ ገና ጉልበት ነበረኝ። የሐዋሳው ቀዘፋ ክለብም የያዘኝ ያኔ ነው።

መስፍን አሁን ደወለ። የሬሳ ሳጥኑን የሚሸከሙት ኮች ያሰለጠናቸው ልጆች ናቸው። "ሴት አትሸከምም ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። እኛ ግን አብራን ብረት ያነሳች ልጅ ናት ብለን ቦታሽን ይዘንልሻል፤ በናትሽ ድረሺ" አለኝ። ውሃውን ሄጄ አየሁት። አልጎደለም። ከኋላችን ሌላ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ። ጮኼ አለቀስኩ፤ አጠገቤ ያሉት እናት እጄን ያዙኝ።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ።

ኮቼ፣ ቦታዬን ሌላ ሰው ያዘው። ይሄን ትከሻ የሰራኸው አንተ ነበርክ፣ አንተን ግን ሳልሸከምበት ቀረሁ። ደህና ሁን የኔ አባት። ሳልሸኝህ ሄድክብኝ።