ታንከኛው አባቴና ተከራያችን

ቅናት የባልና የሚስት ነገር ይመስለኝ ነበር። እንዳልሆነ የገባኝ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ በገዛ ግቢያችን፣ በገዛ አባቴ ስቀና ነው።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነን። ዓይኑ ከደከመ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ሰውን የሚለየው በጥላውና በድምፁ ነው። ጠዋትና ማታ ጠብታ የምጨምርለት እኔ ነኝ፣ ጥፍሩን የምቆርጥለት እኔ ነኝ፣ ሽሮው ጨው በዛበት ብሎ የሚያኮርፈውም እኔን ነው። በወጣትነቱ በምሥራቁ ጦርነት ታንከኛ እንደነበር አውቃለሁ። የማውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር። ልጅ ሳለሁ የወታደር ልብስ የለበሰበትን ፎቶ ከሳጥን አውጥቼ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው «አስቀምጪ» አለኝ። አስቀመጥኩ፤ ሁለተኛም አልጠየቅኩት።

ተከራያችን የቡልቡላ ልጅ ናት። እዚህ አዳማ፣ ስብሰባ ከማይጠፋባቸው ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ሆና ትሠራለች። ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ከያዘች ዓመት አልፏታል። ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ደጃፏ ላይ ትቀመጥና፣ ማዳመጫዋን ሰክታ በስልኳ የጦርነት ጌም ትጫወታለች። አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ ድሬዳዋ፣ አንዷ የት እንዳለች እግዜር ይወቅ፣ አራት ሆነው በድምፅ እየተጠራሩ ይዋጋሉ። «ሞትኩ፣ ድረሱልኝ» ስትል የሰማች ጎረቤታችን መጀመሪያ ሰሞን ነጠላዋን እንኳ ሳታጣፋ ሮጣ መጥታ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «ታንክ መጣ፣ ታንክ መጣ» አለች። ማንጎው ሥር ተቀምጦ የነበረው አባቴ ብድግ አለ። በከዘራው መሬቱን እየዳበሰ እሷ ዘንድ ሄደና ምን ዓይነት ታንክ እንደሆነ ጠየቃት። ሳቀች፤ ግን አላሾፈችበትም። ማዳመጫውን ነቅላ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋችለት። ጥቂት አዳመጠና የታንክ ሞተር እንዲህ አይጮህም አላት።

«ታዲያ እንዴት ነው አባባ?» አለችው።

በቃ፣ ይህችው ናት ጥያቄዋ። አባቴ ለዚህች ጥያቄ ፀሐይ እስክትገባ ድረስ ሲመልስላት ዋለ።

ከዚያ ወዲያ የየቀን ሥራቸው ሆነ። አባቴ ያደገው ሁሩታ ስለሆነ «አካም ቡልታኒ» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ስትለው ፊቱ ይፈካል፤ ጨዋታው ሲጥም ወደ ኦሮምኛው ይሻገራሉ። እኔ ግማሹን ብሰማ ነው፤ የምስቀው እነሱ ስቀው ከጨረሱ በኋላ ነው። እቃ ሳጥብ ድምፃቸውን ለመስማት ቧንቧውን እዘጋለሁ። ጠጋ ስል ደግሞ አባቴ ወሬውን ያቋርጥና «ጠብታው ደረሰ እንዴ?» ይለኛል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚሉት እሱን ነው። ይባስ ብሎ እሷን «ልጄ» ማለት ጀመረ። እኔን «አንቺ» ነው የሚለኝ።

ድምፁን ትቀዳው እንደነበር ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። አንድ ቀን ዘመድ ጠይቄ ከወንጂ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ከተቀመጠ ሰው ስልክ የአባቴ ድምፅ ወጣ። አንገቴን አሰገግኩ። ከላይ የተከራያችን ጌም ታንክ አቧራውን እያጨሰ ይሄዳል፤ ከሥር አባቴ ይተርካል። የመነጋገሪያው መሣሪያ በተበላሸ ጊዜ አዛዡ በሚነዳው በአባቴ ሁለት ትከሻዎች ላይ ገመድ አስሮ፣ እንደ ናዝሬት ጋሪ ፈረስ ግራና ቀኝ እየሳበ ይመራው እንደነበር ያወራል። ሰውየው ብቻውን ይስቃል። የአባቴን ወሬ ከእኔ በፊት የማያውቀው ሰው ሰማው።

የራሴን ስልክ አውጥቼ ቪዲዮውን የለጠፈችበትን ገጿን ፈለግኩት። ከቪዲዮው ሥር ሰው የጻፈው ጉድ አያልቅም። አንዱ ጌሙ ሳይንቀጠቀጥ የሚሠራበት ርካሽ ስልክ የቱ ነው ይላል። ሌላው ጦርነቱን ማን እንደጀመረው ሊያስተምር ይሞክራል፤ ሦስተኛው ያንን ከዛሬው ፖለቲካ ጋር አያይዞ ይሳደባል። በመካከላቸው አንድ ሾፌር መተሐራ ነዳጅ ገብቶ እንደሆነ ይጠይቃል። የቀረው ሁሉ ግን ለአባቴ ዕድሜ የሚለምን ነው። አንዷ ለተከራያችን «እንዲህ ያለ አባት ስላለሽ ታድለሻል» ብላታለች። እሷም የልብ ምልክት መልሳላታለች። አባቴ አይደሉም አላለችም።

እዚያው ሚኒባስ ውስጥ በሐሰት ስም ገጽ ከፈትኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሰውዬውን ሰፈር አውቃቸዋለሁ። ስንቅ ክፍል ነበሩ እንጂ ታንክ ነድተው አያውቁም። ታንክ በገመድ አይነዳም።»

አዳማ ከመግባቴ በፊት የሚደግፈኝ ሰው ተሰለፈ። በማግስቱ ግማሹ ሰው አባቴን ቀጣፊ ይለዋል። ደስ አለኝ ብል እዋሻለሁ፤ አላለኝም ብልም እዋሻለሁ። በየሰዓቱ እየከፈትኩ የራሴን ቃል አነበዋለሁ።

እሑድ ተከራያችን ሥራ ገብታ ሳለ አባቴ ጠራኝ። ሰሞኑን ልጅቷ ሰው የጻፈውን አንብቢልኝ ሲላት ኔትወርክ የለም እያለች ታመካኝበታለች።

«አንቺ አንብቢልኝ» አለኝ። «እሷ መልካም መልካሙን እየመረጠች ነው የምታነብልኝ። አንቺ አታባብይኝም።»

አጠገቡ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። ግማሹ ሰው አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፈው፤ ግማሹ ፊደል እየዋጠ ነው። እየተደናቀፍኩ፣ እየደጋገምኩ ቀጠልኩ። ከዚያ የእኔው ጋ ደረስኩ። መዝለል እችል ነበር፤ ዓይኑ አያይም። ያልዘለልኩት ይስማውና ከእሷ ጋር ማውራቱን ይተወው ብዬ ነው። አነበብኩለት።

አባቴ ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ሌላውን ስትንተባተቢ ቆይተሽ፣ ይህችን እንደ ዳዊት ደገምሻት» አለ።

የጻፍኳት እኔ መሆኔ ገብቶታል። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣም። እንባዬ መጣ፤ ለእሷ የነገርካትን አንዱን እንኳ ለእኔ ነግረኸኝ አታውቅም አልኩት። ዓይን ዓይንህን ሳይ የኖርኩት እኔ፣ ልጅህ የምትባለው ግን እሷ፣ አልኩት። ይህን ሁሉ ሰማኝ፤ ሲመልስልኝ ግን ስለዚያ አልነበረም።

«በይ አሁን በስምሽ ጻፊ። ልጁ ነኝ፣ ነድቷል በይ።»

በስሜ ገባሁ። «ልጃቸው ነኝ። አባቴ ታንክ ነድቷል» ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር ማለታቸው አይቀርም። የምመልሰው የለኝም። ሚኒባስ ውስጥ ከሳቀው ሰውዬ የበለጠ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ስለዚህ ከዚያች ከፎቶዋ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ የት ነበር የነዳኸው? ገመዱን ይስብ የነበረው ሰውዬስ ምን ሆነ?»

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። የሚነግረኝ መሰለኝ።

«ሁሉንም ነግሬያታለሁ» አለኝ። «ጽፋዋለች። ከእንግዲህ አላወራውም፤ እሷን ጠይቂያት።»

ለመንኩት። ደከመኝ ብሎ ተነሣ፤ ክንዱን ልይዘው ስል ከዘራዬ ይበቃኛል አለኝ።

አመሻሹ ላይ ተከራያችን ገባች። የሆቴል ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። ዓመት ሙሉ በእኛ ግቢ ስትኖር ክፍሏ ገብቼ አላውቅም። ያ ኮመንት የእኔ መሆኑን ትወቅ አትወቅ ከፊቷ መለየት አልቻልኩም። እንደ እንግዳ ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ ስለ አባቴ ልጠይቅሽ ነበር አልኳት።

ከአልጋዋ ራስጌ አንድ ወፍራም ደብተር አወጣች፤ ወንበሩ ላይ የነበረውን ልብሷንም አነሣችልኝ።

«ረጅም ነው» አለችኝ። «ቁጭ በይ።»