ጉም ሲወርድ የሚጮኸው ሣጥን

ታመነ በአንኮበር የስልክ ጣቢያ የመስመር ሠራተኛ ነበር። ከደብረ ብርሃን የሚመጣውን ሽቦ እሱ ይጠብቃል፤ እሱን ደግሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የደወል ሣጥን ይጠብቀዋል። ሽቦው ሲበጠስ ወይም ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ሲፈስ ደወሉ ይጮኻል። የት እንደሆነ፣ በምን እንደሆነ ግን አይናገርም። እንዲህ ያለ ከሳሽ ጎረቤት ከጎረቤት ያጣላል።

የሣጥኑ ክፉ ዐመል ጉምን ከሌባ አለመለየቱ ነው። ከከተማው በላይ ካለው ዳገት ላይ አንደኛው የስልክ እንጨት ሽቦውን የሚያሳርፍባት የሸክላ ሲኒ ተሰንጥቃለች። ጉም ሲወርድ ርጥበቱ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ኤሌክትሪኩም በእንጨቱ ወደ መሬት ይፈስሳል፤ ያን ጊዜ ደወሉ ይጮኻል፣ ስልኩም ይሞትና ከሹክሹክታ በቀር አይሰማበትም። ታመነ የሣጥኑን ብሎን ሲያጠብቀው ለጤዛውም ይጮኻል፤ ሲያላላው ደግሞ ሽቦው ተበጥሶ መሬት ላይ ተጋድሞ እንኳ ትንፍሽ አይልም። አዲስ ሲኒ ቢጠይቅ «ይላካል» ተባለ። ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ። ተስፋ ሲቆርጥ ስንጥቋን በአሮጌ ጎማ ጠቀለላት፤ ጩኸቱ ቀነሰ እንጂ አልቀረም።

ከዳገቱ ሥር ገብረ ጻድቅ የሚባሉ ገበሬ ይኖራሉ። ታመነ መሰላሉን የሚያሳድረው እሳቸው ቤት ነው።

«ጋሼ፣ ጉም ሲወርድ ብቅ እያሉ ጎማው እንዳይፈታ ይዩልኝ» ብሎ ለመናቸው።

ገብረ ጻድቅ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም። ጉም በወረደ ቁጥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ከእንጨቱ ሥር ይቆማሉ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ያያሉ፣ ይመለሳሉ። እጃቸው አመድ አፋሽ እንደሚሆን በምን ያውቃሉ።

ዘመኑ የደርግ ነው። በየስብሰባው አሻጥረኛ የስልክ ሽቦ ይቆርጣል እየተባለ ይወራል። ወደ አንኮበር አዲስ የመጣው ካድሬ፣ ጓድ ገብረአብ፣ አብዮት ጠባቂዎቹን ሲጠይቅ አንድ ነገር ሰማ፤ ደወሉ በጮኸ ቁጥር ገብረ ጻድቅ እንጨቱ ሥር ናቸው። በመስከረም መጨረሻ አሠራቸው።

ታመነ እየሮጠ ሄደ። «ጓድ፣ የላክኋቸው እኔ ነኝ። ሲኒዋ ተሰንጥቃ፣ ጉም ሲገባባት ነው የሚጮኸው።»

«የሰነጠቃትስ ማን ነው?» አለ ካድሬው።

ይህን ታመነ አስቦት አያውቅም።

ገብረአብ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ክፉ ሰው ይለመናል። እሱ በብልሃቱ የሚኮራ ሰው ነው። «ይፈተናል» አለ። «ሰውዬው እስከ ጥቅምት መጨረሻ ታስሮ ይቆያል፤ እስከዚያ ደወሉ ከጮኸ ነፃ ነው። ዝም ካለ ግን ቆራጩ ራሱ ነው፣ ወደ ደብረ ብርሃን ይላካል።» የታመነ እጅ እንዳይገባበትም ሣጥኑን በሲባጎ አስሮ፣ በሰም አትሞ ሄደ።

ፍርዱ ቀና ይመስላል። ጉሙን ግን ያማከረው የለም።

ጥቅምት ጠራ። ዕድሜውን ሙሉ ጉም ሲረግም የኖረው ታመነ አሁን በየማለዳው ደጅ ወጥቶ ሰማዩን ያያል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ጉም ያውርድልኝ ብሎ ለሚካኤል ጧፍ ተሳለ። ሰው ሁሉ አዝመራው እንዲደርቅለት ፀሐይ በሚለምንበት ወር ነው እንግዲህ። የገብረ ጻድቅ ሚስት ደመቀች ለባሏ ስንቅ አድርሳ ስትመለስ ወደ ጣቢያው ጎራ ትልና ሣጥኑ ፊት ትቀመጣለች።

«ዛሬስ?»

«ዝም ነው፣ እትዬ።»

ታመነ ዐይኗን ማየት ያፍራል። ባለሙያው እሱ፣ መሣሪያው የሱ፣ ላኪውም እሱ ነበር፤ ታሳሪው ግን ሌላ ሰው ሆነ። በወሩ መጨረሻ ካድሬው መጥቶ ሰሙ አለመነካቱን አየ፣ «አየህ?» አለ፣ ገብረ ጻድቅንም በእህል መኪና ጭኖ ላካቸው።

ጉሙ ከዚያ በኋላ መጣ። ገበያው ሳይደምቅ ከተማውን ሁሉ ዋጠው፣ ሣጥኑም ጮኸ። ደመቀች ድምፁን ከመንገድ ሰምታ ነጠላዋ ከትከሻዋ እየወደቀ ገባች። ታመነ ስልኩን አንሥቶ እጀታውን አሽከረከረ። «ደብረ ብርሃን! ደወሉ እየጮኸ ነው! እሳቸው እናንተ ዘንድ ናቸው፣ ደወሉ ግን እየጮኸ ነው!» ከወዲያ የሚመጣው ሹክሹክታ ብቻ ነበር።

«ሰሙህ?» አለች ደመቀች።

እንደገና አሽከረከረ።

በማግሥቱ መኪና ለምኖ ደብረ ብርሃን ሄደ። የተቀበለው ሹም ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠው፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠው።

«ደወሉ የጮኸው ትናንት ጧት ነው?»

«አዎን።»

«ታዲያ ስልክ ጣቢያ ውስጥ ቆመህ ሳለ ለምን ያኔውኑ አልደወልህልንም?»

ታመነ አፉን ከፈተ። ለማስረዳት ከሲኒዋ መጀመር ነበረበት፤ ሹሙ ግን ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠርቶ ነበር።