ጎማዋ የሸሚዝ ቁልፍ የሆነ ባጃጅ

የመርሳዋ ልብስ ሰፊ ቶይባ ወንድሟን ዓሪፍን ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት ልጁ ገና ድክድክ ይል ነበር። አሳድጋ፣ አስተምራ፣ በመጨረሻም ከስፌት ባጠራቀመችው ባጃጅ ገዛችለት። እሱም መርሳና ሲሪንቃ እየተመላለሰ ቤቱን ቀጥ አድርጎ ያዘው። ታዲያ የባጃጅ አያያዙን ብታዩት! በየማለዳው መስታወቷን ይወለውላል፣ ቀይ ዘርፍ ያንጠለጥልላታል፣ ተሳፋሪ ጭቃ ይዞ ከገባባት ቀኑን ሙሉ ያኮርፋል። ቶይባ "ሚስት አግባ እንጂ" ስትለው፣ "አግብቻለሁ እኮ፤ ውጭ ቆማለች" ይላታል።

ጦርነቱ መጥቶ ታጣቂዎች ከተማውን ሲይዙ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ይወሰድ ጀመር። ባጃጅ ያለው ሁሉ ባጃጁን ፈታትቶ ደበቀ። ዓሪፍም ጎማዎቹን ጎረቤት ቆጥ ላይ፣ ባትሪውን ጎታ ውስጥ ከተተ፤ አካሏን ጓሮ አስገብቶ የአምና የማሽላ አገዳ ከመረባት። ከዚያ ወዲያ ልጁ ሰው መሆኑ ቀረ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ ምግብ ሲቀርብለት "ጠግቤያለሁ" ይላል። ባጃጇ የተገኘች ዕለት ዓሪፍም አብሮ እንደሚያልቅ ቶይባ ልቧ ነግሯታል።

እንዲህ እያለ መውሊድ ደረሰ። እናታቸው ዓሪፍን የወለደችው በመውሊድ ሌሊት ነው፤ ሰፈሩ መንዙማ ላይ እያለ በጨለማ ሮጣ አዋላጇን የጠራችው ቶይባ ናት። ስለዚህ ለእሷ የዓሪፍ ልደት መውሊድ ነው፤ መውሊድ ከወር ወር ሲዞር ልደቱም አብሮ ይዞራል። ዘንድሮ ድቤ አልተመታም፤ ሰዉ በየቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሰለዋት አወረደ። ቶይባ ልጁን በምን እንደምታስቀው ስታወጣ ስታወርድ፣ በደህናው ጊዜ የምትሰፋበት የሱቅ በረንዳ ትዝ አላት። ባለሱቁ የልደት ካርድ ይሸጥ ነበር።

"እኔስ ምን ያቅተኛል?" አለች።

የሳሙና ካርቶን ቆርጣ አጠፈች። ከሰማያዊ ቁራጭ ጨርቅ ባጃጅ አውጥታ ሰፋችበት። ለመስታወቱ የክኒን ማሸጊያ ላስቲክ፣ ለጎማው ጥቁር የሸሚዝ ቁልፍ አደረገች፤ በቀይ ክር ዘርፉንም አልረሳችም። ውስጡ ላይ "እንኳን በመውሊድ ተወለድክልኝ" ብላ በመርፌ ጻፈች።

ዓሪፍ ካርዱን ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

"የኋላ ጎማዋ አየር አንሷታል" አለና ሳቀ። ሲስቅ ካየችው ስንት ጊዜዋ! ቶይባ ፊቷን አዙራ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው።

ገና ሲሳሳቁ በሩ ተንኳኳ። አንድ ወጣት ታጣቂ ለፍተሻ ገባ፤ ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ካርዱ ላይ ነበር።

"ይህቺ የት ናት?" አለ አንስቶ።

"ሸጥናት" አለች ቶይባ ፈጠን ብላ። "ልጁ ቢያዝንብኝ ለልደቱ ማስታወሻ ሠራሁለት።"

ታጣቂው የዓሪፍን መንጃ ፈቃድ ተቀብሎ አየ። "መስከረም አንድ ተወለደ ነው የሚለው። ዛሬ የምን ልደት ነው? ትዋሻላችሁ!"

ይኼኔ የቶይባ ፍርሃት ብን ብሎ ጠፋ። ደሟ ፈላ። "ወላሂ ዛሬ ነው! አዋላጇን የጠራሁት እኔ! መስከረም አንድን የጻፈው የቀበሌው ጸሐፊ ነው፤ ቀኑን ለማያውቅ ሁሉ እሱኑ አይደል የሚያድለው? የአንተን መታወቂያ እስቲ አውጣው!"

ዓሪፍ ክው አለ። ታጣቂው አፍጥጦ አያት፤ ከዚያ ሳያስበው ሳቅ አመለጠው።

"መስከረም አንድ" አለ። "እናቴ ግን በአጨዳ ነው የወለድኩህ ትላለች።"

ሳቁ ሲበርድ ካርዱን እንደያዘ ፊቷን አየ። "ለልደቱ ወላሂ ብለሻል። ለመሸጧም ወላሂ በይ እስቲ።"

ቶይባ መዋሸቱንስ ዋሽታለች፤ በአላህ ስም በውሸት መማል ግን ዕድሜዋን ሙሉ አድርጋው አታውቅም። ዓሪፍን አየችው፤ መሬት መሬቱን ያያል። "በይው እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ!" ብላ ራሷን ብትገፋም መሐላው አልወጣላት አለ።

ታጣቂው አለመማሏን አየ። ከዚያ ካርዱን መደቡ ላይ መልሶ አስቀመጠና ወጣ። ጓሮውን አንድ ጊዜ ቃኘት አደረገ።

"አገዳው በግራ በኩል ተገልጧል" አለ። "ደህና አድርጋችሁ ሸፍኑት። ከእኔ ቀጥሎ የሚመጣውን አላውቅም።"

ከሄደ በኋላ ቶይባ ዓሪፍን አስከትላ ጓሮ ወጣች። እውነትም የባጃጇ ሰማያዊ ጥግ ብቅ ብሎ ይታያል። ሁለቱም አገዳ ያመላልሱ ጀመር።

"ያ ረቢ" አለች ቶይባ በመሃል፣ "በአጨዳ ለወለደችው እናቱ አብቃው።"

"አሚን" አለ ዓሪፍ፣ አገዳውን እየከመረ።